ተዘቅዝቆ የሚጓዝ ዕቃ

ባቡሩ ከመገናኛው ጣቢያ ሲነቃነቅ አንባቢዋ ገና ቧንቧው ዘንድ ነበረች። ኮዳዋ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ፊሽካውን ስትሰማ ክዳኑን ሳትገጥም ረጅም ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ሮጠች፤ ውሃው እየተንቦጫረቀ ጫማዋን አራሰው። የራሷ ፉርጎ ከፊት ነበርና አልጠበቃትም። እጇ የደረሰው የመጨረሻው ፉርጎ መወጣጫ ላይ ነው። ፍሬን የሚይዘው ሠራተኛ ክንዷን ጨብጦ ወደ ላይ ሳባት።

«ምን ነካዎት እመቤቴ! ነፍስዎ ረከሰችብዎት?» አላት፤ ከእሷ ይበልጥ የደነገጠው እሱ ነበር።

«ቦታዬ ከፊት ነው፤ ሦስተኛው ፉርጎ።»

«እሱማ እስከሚቀጥለው ጣቢያ አይሆንም። ከፉርጎ ወደ ፉርጎ መሻገሪያ የለውም። የአንድ ሰዓት ከሩብ መንገድ ነው፤ ከረጢቱ ላይ አረፍ ይበሉ።»

ቁጭ አለች፤ ምን ታድርግ? ቁልቁለቱ የሚጀምረው ልክ ከመገናኛው ጣቢያ ነው፤ ዝናብ ያበላሸው ሐዲድም እሱው ነው። ፉርጎው ከወዲያ ወዲህ ሲያላጋት እሷ ግን ስለ ራሷ አጥንት አላሰበችም። ሐሳቧ ሁሉ ከመቀመጫዋ አጠገብ፣ በመስኮቱ ማንጠልጠያ ላይ ትታው የወረደችው ዕቃ ዘንድ ነበር።

በመንግሥት ቅየሳ መሥሪያ ቤት «አንባቢዋ» የሚሏት መጽሐፍ ስለምታነብ አይደለም። የምታነበው ባዜቃን ነው፤ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ የሚወጣ የሚወርደውን ፈሳሽ ብረት። ባሏ ቀያሽ ነው፤ አምና ከዋናው ከተማ ተነሥተው አገሩን አቋርጠው፣ አዲስ ሐዲድ ሊዘረጋበት በታሰበ ተራራ በር ላይ ወዳለች ትንሽ ከተማ ሄደው ነበር። ባሏ ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል ሲንከራተት፣ እሷ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአየር ግፊት መለኪያ፣ ባሮሜትሩን፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እያነበበች ትመዘግባለች። በዚያው ደቂቃ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ በዋናው ከተማ የባሮሜትሩን መንትያ ያነባሉ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ቱቦው ውስጥ ያለው ባዜቃ ዝቅ ይላል፤ በወረዱ ቁጥር ከፍ ይላል። የሁለቱ ንባብ ዓመቱን ሙሉ ሲተያይ የተራራው በር ከፍታ ይታወቃል። ነገሩ ይኸው ነው። እሷ አንድ ሺህ ዘጠና አምስት ጊዜ አንብባለች፤ ሁለት ጊዜ ታማ፣ አንድ ጊዜ ጣራው እያፈሰሰባት፣ አንድም ቀን ሳታጓድል።

ይህ ዕቃ ታዲያ ጠባዩ ክፉ ነው። ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መንገድ ሲሄድ ግን ተዘቅዝቆ፣ ክዳኑ ወደ ታች ሆኖ ነው የሚሄደው። ሲዘቀዘቅ ባዜቃው ቱቦውን ጢም አድርጎ ይሞላና አይላወስም። ቀጥ ብሎ ከተናጠ ግን ከላይ ባዶ ቦታ ስላለ ይንጓለላል፤ ወይ መስተዋቱን ይሰብራል፣ ወይ አየር ያስገባል። አየር የገባበት ባሮሜትር ደግሞ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ማንም ዳግም አያምነውም።

በሚቀጥለው ጣቢያ ባቡሩ ቆሞ ሳያበቃ ወርዳ ወደ ፊት ሮጠች። ባሏ ካለፈው ወር ትኩሳት ገና አላገገመም፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ እንቅልፉን ይለጥጣል። አማቷ ግን ነቅታለች። አሮጊቷ የዘይት ገንቦዎቿን በእግሯ መካከል አስቀምጣ፣ ጥላዋን እንደ በትረ መንግሥት ይዛ ተቀምጣለች።

«መጣሽ? ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ! ትተሽን የቀረሽ መስሎኝ!» አለችና ደስ ብሏት ወደ መስኮቱ አመለከተች። «ደግሞ ጉድሽን አልሰማሽም። ያ ዕቃሽ ክዳኑ ወደ ታች ተደፍቶ ነበር። አቃናሁልሽ።»

አንባቢዋ አየችው። የቆዳው መያዣ በማንጠልጠያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቀይ ቀለም የተቀባው ክዳን ወደ ላይ። 

«መቼ ነው ያቃኑት፣ እማማ?»

«ባቡሩ እንደተነሣ ነዋ። ምነው?»

ሁለት እጇን ዘርግታ አወረደችው፤ የተኛ ሕፃን እንደሚገላበጥ ቀስ አድርጋ ዘመም አደረገችው። ደህና ባሮሜትር ሲያዘም ባዜቃው የቱቦውን ጫፍ ሲነካ ቀጭ ይላል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ነው። ይሄኛውም ቀጭ አለ። ግን እንደ ወትሮው ነው ወይስ ደንዘዝ ብሏል? የሎኮሞቲቩ እንፋሎት ይንሿሿል፤ ሰው ይጯጯሃል፤ ጆሮዋም በፍሬን ጩኸት ደንቁሯል። ማወቅ አልቻለችም። ዘቅዝቃ ታቅፋው ተቀመጠች።

«አጠፋሁ እንዴ?» አለች አሮጊቷ፣ ድምጿ አንሶ።

«መንገድ ሲሄድ ተዘቅዝቆ ነው፣ እማማ።»

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ ግድግዳሽ ላይ ቀጥ ብሎ ነው ያየሁት! በሰባ ዓመቴ ክዳኑ ወደ ታች ሆኖ የሚሄድ ዕቃ የት አውቃለሁ?»

እውነቷን ነው። አሮጊቷ ወደ ተራራው ከተማ የመጣችው ከእነሱ አራት ወር ዘግይታ በፖስታ ሠረገላ ነበር፤ ዕቃው ሲጓዝ አላየችም፤ አሁንም እስከ መገናኛው ድረስ አንባቢዋ በነጠላዋ ሸፍና ነበር የያዘችው። እዚያም የነፋሱን ፉጨት፣ የልብሱን አለመድረቅና የጎረቤቱን ዝምታ ስትራገም ነው የኖረችው። ወደ ቤት የሚመለሱበት ቀን ሲቆረጥ ከሁሉም ቀድማ ገንቦዋን ያሰረች እሷ ናት።

«ለሱ አትንገሪው» አለች ተኝቶ ወዳለው ልጇ እያየች። ወዲያው ደግሞ ሐሳቧን ቀየረች። «ወይም ንገሪው። እንደፈለግሽ።»

አንባቢዋ አልነገረችውም። በባሏ የደረት ኪስ ውስጥ ያለው የአለቃው ደብዳቤ ምን እንደሚል ግን ሁለቱም ሴቶች ያውቃሉ። ባሮሜትሩ እንደተመለሰ ከመንትያው ጋር ይመሳከራል፤ ልዩነታቸው ከመሄዱ በፊት የነበረው ከሆነ የዓመቱ ንባብ ይጸድቃል። ካልሆነ ግን ንባቡ ሁሉ ውድቅ ነው፤ ቀያሹና ቤተሰቡ በሚቀጥለው ሳምንት ባቡር ወደ ተራራው ይመለሳሉ፣ ዓመቱም እንደገና ይደገማል። የመንግሥት ቤታቸው ቁልፍም እስከዚያው ከአለቃው መሳቢያ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ ባለው የሁለት ቀን መንገድ አንባቢዋ ዕቃውን ከጭኗ አላወረደችውም። እጇ ዝሎ ጣቷ አልታጠፍ ሲላት አሮጊቷ ታሽላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዋናው ከተማ ገቡ። ጋሪ ተከራይተው አልጋውን፣ ሳጥኖቹንና ገንቦዎቹን ጭነው በቀጥታ ወደ ቅየሳ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ነዱ። «አይራገፍም» አለው ቀያሹ ባለጋሪውን፤ «ገና አልታወቀም።» ቤታቸው ከዚያ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚርቀው። አንባቢዋ ከግቢው በር ላይ ሆና የጣራውን ጫፍ አየችው፤ የጭስ መውጫው ላይ አንድ ጡብ ወድቋል። እንዲህ ይናፍቀኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

አለቃው የተቀበሏቸው ምድር ቤት ነው፤ አምና የወረቀት መጋዘን በነበረው ክፍል ውስጥ። ረጅም፣ ጢማቸው በመቀስ የተስተካከለ፣ የደንብ ልብሳቸው ቁልፍ አንድም ያልተፈታ ሰው ናቸው። ከወንበራቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘረጉላቸው። ከወንበሩ ጀርባ መንትያው ባሮሜትር ግድግዳው ላይ ያብረቀርቃል፤ ከመደርደሪያው ጎን ደግሞ የብር እጀታ ያለው ከዘራ ተሸጉጧል።

«ክፍል ቀየሩ እንዴ?» አለች አንባቢዋ ወደ ጸሐፊው ዘወር ብላ በሹክሹክታ።

ጸሐፊው ቀጭን፣ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጫማውን እያየ «አዎ፣ ሰባት ወር ሆነ። ለሥራ ይመቻል ተብሎ ነው» አላት። ነገሩን እዚያው ዘጋው።

«ደንብ ስምንት» አሉ አለቃው። «ዕቃው ወደወጣበት ሚስማር ይመለሳል፤ ደወል ሲደወል በአንድ ጊዜ ይነበባል። እመቤት፣ እርስዎ ላይ ቤት ያንብቡ። እኔ እዚህ አነባለሁ።»

የወጣበት ሚስማር ሦስተኛ ፎቅ፣ በድሮው የአለቃው ክፍል ነው። አምና ሁለቱ ባሮሜትሮች እዚያ ግድግዳ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተሰቅለው ነበር። አንባቢዋ ዕቃዋን ታቅፋ ደረጃውን ጀመረች። አሮጊቷ ምድር ቤት ቁጭ በይ ብትባል አልሰማ አለች፤ መደገፊያውን ይዛ፣ እያለከለከች፣ አንድ በአንድ እየቆጠረች ተከተለቻት።

«ስልሳ ስድስት!» አለች ስትደርስ፣ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ። «ስልሳ ስድስት ደረጃ! ይሄ ቤት ነው ወይስ የተራራ በርሽ?»

አንባቢዋ ዕቃውን ቀስ አድርጋ አቅንታ ሰቀለችው። ግማሽ ሰዓት እስኪረጋ ጠበቁ። ከታች ደወሉ ሲሰማ ዓይኗን ከባዜቃው አናት ጋር አስተካክላ አነበበች፤ በብጣሽ ወረቀት ጻፈች፤ ጸሐፊው እየሮጠ ይዞት ወረደ። ሦስት ጊዜ ተደወለ፣ ሦስት ጊዜ አነበበች። ከዚያ እንዲወርዱ ተጠሩ።

ገና በሩ ላይ የባሏን ፊት ስታይ አወቀችው።

«አምና ስትሄዱ» አሉ አለቃው መዝገቡን በጣታቸው እየተከተሉ «የእናንተው ከመንትያው ሦስት ጭረት ዝቅ ብሎ ያነብ ነበር። ዛሬ አሥራ አንድ ጭረት። ሦስቱም ጊዜ አሥራ አንድ። አየር ገብቶበታል።» መነጽራቸውን አወለቁ። «አዝናለሁ። የዓመቱን ንባብ ልቀበለው አልችልም።»

«መንገድ ላይ አልተነካም፣ ጌታዬ!» አለ ቀያሹ። «ባለቤቴ ከጭኗ አላወረደችውም። በዓይኔ አይቻለሁ!»

አንባቢዋ ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ዝም ብትልም የሚለወጥ ነገር የለም። ነገር ግን ባሏ በማያውቀው ነገር እንዲምል መተው ከበዳት።

«ተነክቷል» አለች። «ከመገናኛው እስከሚቀጥለው ጣቢያ ቀጥ ብሎ ነው የመጣው። እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

«አንቺ?» አለ ባሏ።

«ትዋሻለች» አለች አሮጊቷ ከኋላ። ደረጃውን ወርዳ ገና መድረሷ ነው፤ በአንድ እጇ የበሩን መቃን፣ በሌላው ጭኗን ይዛለች። «ያቆምኩት እኔ ነኝ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ቀርታ ነበር። ክዳኑ ተደፍቶ አየሁና ይፈሳል ብዬ አቃናሁት። መመለስም ካለብን የምመለሰው እኔ ነኝ፤ ነፋሱም እኔ ላይ ያፏጭ። እሷ ግን ዓመት ሙሉ ለፍታለች፤ በትኩሳት እየነደደች ስታነብ አይቻለሁ።»

«እናቴ፣ እዚህ መናገር...» አለ ቀያሹ።

«አንተ ዝም በል፤ ተኝተህ ነበር።» ወደ አለቃው ዞረች። «እርስዎም ጌታዬ፣ ወጥተው አንዴ በዓይንዎ ቢያዩት ምን ነበረበት? ሰው የዓመት ልፋቱን በብጣሽ ወረቀት ይነጠቃል?»

ጸሐፊው ሳል ያዘው። አሮጊቷ አየችው፤ ከዘራውን አየች፤ የአለቃውን ከጠረጴዛው ሥር የተዘረጋ እግር አየች። ፊቷ ወዲያው ለዘብ አለ።

«ውይ! ጉልበትዎን ነው ለካ። እኔን! ይሄው የእኔም እኮ ነው። መውጣቱ ይሁን፤ መውረዱ ነው የሚገድለው። ለዚህ ነዋ ክፍሉን ወደ ታች ያወረዱት።»

 ለሰባት ወር በዚያ ቤት «ጉልበት» የሚለውን ቃል ከአፉ ያወጣ ሰው አልነበረም። ጸሐፊው ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠ። አለቃው ቀላ አሉ።

አንባቢዋ ግን እያዳመጠች አልነበረም። ዓይኗ ከአለቃው ወንበር ጀርባ የተሰቀለው መንትያ ላይ ቀርቷል።

«እማማ፣ ደረጃው ስንት ነው ያሉኝ?»

«ስልሳ ስድስት። ሁለቴ ቆጠርኩት፤ ስወጣም ስወርድም።»

«ጌታዬ» አለች አንባቢዋ ቀስ ብላ፤ «አምና ሁለቱም ላይ ቤት ነበሩ። ዛሬ የእኛው ላይ ነው፣ የእርስዎ ታች። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ባዜቃው ዝቅ ይላል።»

ቀያሹ ከኪሱ እርሳስ አወጣ። ስልሳ ስድስቱን በአንድ ደረጃ ቁመት አባዛው፤ ጫፉን በጥርሱ ነከስ አድርጎ እንደገና አባዛው። «ስምንት ጭረት» አለ። «ደረጃው ብቻውን ስምንት ጭረት ነው፣ ጌታዬ። ከአሥራ አንዱ ላይ ስምንቱ ሲነሣ...»

«ማስላት እችላለሁ» አሉ አለቃው።  የመንግሥቱን ተራራ ሁሉ ቁመት በልባቸው የያዙ ሰው የራሳቸውን ቤት ደረጃ ረስተውታል። ሎሌ ለጌታው ካለው አክብሮት የተነሣም መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አብሮ ረስቶታል። «ሰባት ወር ከመዘገብኩት ሁሉ ላይ ስምንት ጭረት ይቀነሳል ማለት ነው። መንትያው ወደ ታች የወረደበት ቀን ተጽፏል?»

«ተጽፏል፣ ጌታዬ» አለ ጸሐፊው። «ምክንያቱ ብቻ ነው ያልተጻፈው።»

«እንግዲያው ይጻፍ። ጉልበት ብለህ ጻፈው።» አለቃው ከዘራቸውን ሳቡ። «ስሌት ግን ማስረጃ አይደለም። የባቡሩን ነገር ደግሞ አሁን ሰምቻለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰቅለው በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም። መንትያው ይውጣ። እኔም እወጣለሁ።»

ማን ይሸከመው? ቀያሹ ከትኩሳቱ ገና እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጸሐፊው ደግሞ ከድንጋጤው። አንባቢዋ መንትያውን ከሚስማሩ አወረደች፤ ቀስ እያለች ዘቀዘቀችው፤ ከዚያ ዞራ ለአማቷ ዘረጋችላት።

«እኔ?» አለች አሮጊቷ። «ከጉዴ በኋላ?»

«ከዛሬ በኋላ ከእርስዎ የሚሻል ማን ያውቅበታል፣ እማማ? ይያዙት።»

እንዲህም ወጡ። አንባቢዋ ከፊት ፊቷን ወደ እነሱ አዙራ፣ አሮጊቷ ዕቃውን በደረቷ አቅፋ፣ አለቃው ከኋላ ከዘራቸውን እየተከሉ። በየደረጃው ማረፊያ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሁለቱ ቆመው ይተነፍሳሉ። ካርታ የሚስሉት ሰዎች ከየክፍላቸው ብቅ ሲሉ አሮጊቷ ታባርራቸዋለች። «ዞር በሉ! አትንኩኝ! ክዳኑ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ አታውቁም እንዴ?»

ላይ ቤት ሁለቱ ባሮሜትሮች እንደ አምናው ትከሻ ለትከሻ ተሰቀሉ። ግማሽ ሰዓቱን አለቃውና አሮጊቷ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አሳለፉት። ስለ ጉልበት አወሩ፤ በሞቀ ጨርቅ መጠቅለል ይሻላል፣ የለም በዘይት ማሸት ይሻላል ተባባሉ። አንባቢዋ አንዱንም አልሰማችም። ሳምንት ሳይሞላ ያንን ባቡር መልሳ ልትሳፈር እንደምትችል እያሰበች ነበር፤ የአማቷ ጸጉር ከአምናው በጣም መንጣቱንም ገና አሁን አየች። ሁለተኛውን ዓመት አሮጊቷ አትችለውም። ይህን አውቃ ፈራች።

አለቃው ተነሡ። የእሷን አነበቡ፤ የራሳቸውን አነበቡ፤ ተመልሰው የእሷን አነበቡ። እርሳሱን ለእሷ ሰጧት። «ያንብቡ። እርስዎ ነዎት አንባቢዋ።»

አነበበች። ዓይኗ እንባ ስላቀረረ በመዳፏ ጠርጋ እንደገና አነበበች።

«ስንት አለ?» አሮጊቷ መቆም አቅቷት ከተቀመጠችበት ጠየቀች።

«ሦስት።»

«እንደ አምናው?»

«እንደ አምናው፣ እማማ። ልክ እንደ አምናው።»

አለቃው መዝገቡን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አድርገው ፈረሙ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡ፤ ከታች ሲነሡ ከመሳቢያው ይዘውት ወጥተው ነበር ለካ። ለቀያሹም ለአንባቢዋም አልሰጡትም። ጎንበስ ብለው በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አኖሩት።

አሮጊቷ ቁልፉን ጨብጣ ለመነሣት ሌላ እጇን ለምራቷ ዘረጋች። «በይ ያዢኝ» አለች። «ደረጃውን ደግፈሽ አውርጂኝና ቤታችን እንግባ።»